እግሩ ሲቀዘቅዝ

የልጅቷ አክስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጅቷ ደግሞ ቁልፍ ትተክላለች። «ረጅሙ» የሚሉት ወጣት ወደ ሱቃቸው የመጣው ሱሪ ሊያስረዝም ነበር። «ይሄን ሰውዬ ጣቃ ጨርቅም አይበቃው» ብላ አክስቷ ስታጉረመርም ልጅቷን ሳቅ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ሱሪው ካለቀም በኋላ መምጣቱን አልተወም።

አስተናጋጅ ነው። መርከብ ላይ ለመቀጠር የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ፈታኞቹ ደግሞ ፈሊጥ ይወዳሉ አሉ። የጥናት ወረቀቱን ለእሷ ይሰጣትና ቃል በቃል የተተረጎመውን ፈሊጥ እያነበበች ትጠይቀዋለች፤ እሱ ፍቺውን ይመልሳል።

«ድመትና ውሻ ዘነበ።»

«ዶፍ ወረደ።»

«ባቄላውን ደፋው።»

«ምስጢር አወጣ። እንደ አክስትሽ።»

«ሰምቻለሁ» አለች አክስቷ ከስፌት መኪናው ኋላ።

ደንብ አላቸው። መልሱን ካወቀ እሱ በተራው አንድ ነገር ይጠይቃታል፤ እሷም እውነቱን ትናገራለች። መልሱን እሷ ከነገረችው ግን መጠየቅ አይችልም። በዚህ ደንብ ረጅሙ ስንቱን አወቀ፦ ትምህርቷን ያቋረጠችው እናቷ ስትሞት እንደሆነ፣ ጨለማ እንደምትፈራ፣ እሱንም ገና ከሩቅ በኮቴው እንደምትለየው። ይሄን የመጨረሻውን ስትመልስ መርፌው ጣቷን ወጋት።

የፈተናው ዋዜማ ዕለት፣ «ዛሬ ለመጨረሻው ያቆየሁት ጥያቄ አለኝ» አላት።

«ትጠብቂኛለሽ?» ሊላት እንደሆነ ልቧ ነግሯታል። መልሷ ተዘጋጅቷል። ፀጉሯንም ተሠርታለች፤ ምን ታድርግ።

አንድም ሳይስት መለሰ። የመጨረሻው ቀረ።

«እግሩ ቀዘቀዘ።»

ዝም አለ። ጠረጴዛው ላይ የወደቀ ክር በጣቱ እያፍተለተለ አያት። ነገ እንዲህ ቢያፈጥባቸው ይጥሉታል ብላ ጨነቃት።

«ሊያደርገው ሲል ልቡ ከዳው፣ ፈራ ማለት ነዋ» አለችው።

የስፌት መኪናው ቆመ።

«አውቀው ነበር እኮ» አላት ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ምን ዝም አሰኘህ?»

«ጥያቄዬን እያሰብኩ።»

ግድ የለም፣ ጠይቀኝ ማለት ነበረባት። ምላሷ ግን መቼ አርፎ ያውቃል። «ደንብ ደንብ ነው፤ ተሸንፈሃል» አለችው፣ ይለማመጠኛል ብላ።

«አዎ፣ ደንብ ነው» አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ፈተናውን አለፈ፤ በሳምንቱ ሄደ። ሊሰናበት ሲመጣ የጨበጠው የአክስቷን እጅ ነበር፤ እሷ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበርና።

«አፍሽን ብትይዢው ምን ነበረበት፣ የኔ ልጅ?» አለቻት አክስቷ።

ዛሬም በር ላይ ረጅም እርምጃ ስትሰማ መርፌዋን ታቆማለች። «አዎ» ትላለች በሆዷ፣ ማንም ሳይጠይቃት።