ከልክ ያለፈው ዘይት

መጀመሪያ የመጣ ቀን ተጣላን።

ሹም አቦ ሰፈር ካለው ጋራዣችን በር ላይ ቆሞ፣ «ሜካኒኩ የለም?» አለኝ። እጄ እስከ ክርኔ ዘይት ነው፤ ምን መስዬው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

«ሜካኒኳ አለች» አልኩት።

ባምላክ ይባላል፤ እኔ ወንጌላዊት። በሐይቁ ላይ ከባሕር ዳር ቁንዝላ ሰው የሚያመላልሰውን የአባቱን ጀልባ ይነዳል። አዲስ የናፍጣ ሞተር ገጥመውላት ስለነበር ዘይት ሊገዛ ነው የመጣው። የትኛውን እንደሚፈልግ ስጠይቀው፣ «ዘይት ዘይት ነው፤ የረከሰውን ስጭኝ» ብሎ አናደደኝ።

«ለአሮጌው ሞተር ይሆን ነበር። ይሄኛው የራሱን ዘይት ይፈልጋል። ለመሆኑ በየስንት ጊዜው ነው የምትቀይሩት?»

«በየሦስት ወሩ፣ በማርያም ቀን። አባቴ እንደዚያ ነው ያስለመዱን።»

«ማርያም ትርዳችሁ፤ ግን ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ቁጠሩ። ንግሥ በበዛበት ወር እጥፍ ነው የምትሠሩት። ሁለት መቶ ሃምሳ ሰዓት ሲሞላ ዘይቱም ፊልትሮውም ይቀየራል። አንድ ቀን አያድርም።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠባሉ። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ።

ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ መቆየት ሲገባው በሳምንቱ መጣ። በሚቀጥለውም ሳምንት መጣ።

«ጀልባዋ እኮ ገና ናት» አልኩት።

«ጀልባዋ ገና ናት። እኔ ግን ደረስሁ።»

ዓመት ሳይሞላን ስለ ሽማግሌ ማውራት ጀመርን። አባቱ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ብራና የሚጽፉ፣ ደቀ መዝሙር የሚያስተምሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። «ልጅቱን ልያት» ብለው ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ከምእመናኑ ጋር በጀልባዋ እንድሄድ ጋበዙኝ። ሽማግሌ የሚላከው በሚመጣው እሑድ ነበር።

በማለዳ ወደቡ ደረስኩ። ሠላሳ ያህል ሰው ተሳፍሯል። የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አየሁ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፏል።

«ማነው የጨመረበት?»

ባምላክ አቀረቀረ። የመለሱልኝ መሪጌታ ናቸው፤ ፊታቸው በርቷል።

«ማንም አልጨመረበት ልጄ። በራሱ ነው ከፍ የሚል። ይኸው ሁለት ወሩ። በረከት የገባበትን ዘይት አንደፋም ብዬ እንዳይቀየር ከልክያለሁ።»

ዘንጉን አሸተትኩት። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ዝም ካልኩ እሑድ ሽማግሌ ይመጣልኛል። ከተናገርኩ በሠላሳ ሰው ፊት መሪጌታን አሳፍራለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ነው ውሃ ላይ የሚወጣው። የመጣው ይምጣ አልኩ።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ በረከት አይደለም፤ ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት ከቀጠነ ብረትና ብረት ይፋጫል፤ ሞተሩ ሐይቁ መሃል ይቆማል። ዛሬ ይቺ ጀልባ መነሳት የለባትም።»

ባምላክን አየሁት። አንድ ቃል እንዲተነፍስ ጠበቅኩ። እሱ ጫማውን ያያል።

«በረከትን ናፍጣ የምትል ልጅ ለቤቴ አትሆንም» አሉ መሪጌታ። «ሽማግሌውም ይቅር።»

ወርጄ ሄድኩ። እንባዬ የመጣው ባጃጅ ውስጥ ነው። በመሪጌታ አልተቀየምኩም፤ ያቃጠለኝ የልጃቸው ዝምታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ባምላክ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። መዳፉን ዘረጋልኝ፤ የሞተሩ ቁልፍ ነው።

«ከሄድሽ በኋላ ቁልፉን ነቅዬ ወረድሁ። ሰዉ በሌላ ጀልባ ሄደ። አባቴ አኩርፈውኛል።»

«እኔ እያለሁ ምን ሆነህ ነበር?»

«ፈርቼ። ዕድሜ ልኬን አባቴን እምቢ ብያቸው አላውቅም። ዛሬ ግን እምቢ አልሁ። እሳቸው ሽማግሌ ባይልኩም እኔ ራሴ አባትሽን አናግራለሁ። ሳላገባሽ አልቀርም፣ ወንጌላዊት።»

«መጀመሪያ ኢንጀክተሩን እንፍታ» አልኩት። የመፍቻ ሣጥኔን አነሳሁ።

ጀልባዋ ላይ ሁለት ቀን ጎን ለጎን ሠራን። ዘይቱን በባልዲ አፍስሰን ኢንጀክተሩን ስንቀይር መሪጌታ መጡ። ሰላም ሳይሉን ጣታቸውን ባልዲው ውስጥ ነከሩና ከኪሳቸው ባወጡት ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። በጥቁሩ ዙሪያ የገረጣ ቀለበት እየሰፋ ሄደ። እሳቸውም ረጅም ጊዜ አዩት።

«ውሃ የበዛበት ቀለም እንዲህ ነው የሚሸሽ» አሉ ለራሳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ወጡ።

እሑድ ማንም አልመጣም። በሁለተኛው እሑድ ግን ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ፤ ከኋላቸው መሪጌታ ራሳቸው አሉ። የወንዱ ልጅ አባት ከሽማግሌ ጋር መምጣቱ ወግ አይደለምና አባቴ ግራ ገባው። «ተቀመጡ» ቢላቸው፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

አንደኛው ሽማግሌ ነገሩን ሊጀምር ሲል መሪጌታ በእጃቸው አስቆሙት።

«ሰው ሁሉ ለእኔ ዝም ይላል» አሉ። «ልጄም ጭምር። ዝም አሰኝቼ ያሳደግሁት እኔው ነኝ። ቤቴ ደፍሮ የሚናገረኝ ሰው የለውም። ይቺን ልጅ ስጡኝ።»

አባቴ ወደ ጓዳው ዞሮ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ወጣሁና ወንበር ሳብኩላቸው።

«ይቀመጡ፣ የኔታ።»

ተቀመጡ።