ሦስተኛው ሥራ

«ይቀጥሉ እማማ፤ የእንስሳ ስም።»

«ፍየል... ጅብ... አጋዘን...»

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ክብ ብቅ አለ። እንዝርት ቁልፉን ተጫነች። ዘገየች። ሽቦ የተንጠለጠለበት ቆብ ጭንቅላቷን ጨምድዶ ይዞታል፤ አንገቷ ዝሏል።

ለምርምር ማዕከሉ ሰዎች ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሁለት ነገር በአንዴ ስትሠራ አንጎሏ እንዲጠና የፈቀደች። «እንዝርት» የሚላት የስለላ መሥሪያ ቤቷ ብቻ ነው። ዛሬ ሦስተኛ ሥራ ይዛ መጥታለች፤ ከስሱ ግድግዳ ማዶ፣ በዳይሬክተሩ ቢሮ የሚባለውን መስማት። የማዕከሉ ቴክኒሻን በስውር የመሥሪያ ቤቷ ሰው ነው። አንድ ሰው ሸጦታል፤ ሻጩም አሁን እዚያ ቢሮ ተቀምጧል።

ድሮ ቢሆን ይህ ምን ሥራ ነው! ሆቴል አስተናጋጅ መስላ ስትሠራ ሳህን እየደረደረች፣ እንግዳ እያሳቀች፣ የሁለት ጠረጴዛ ምስጢር ለቅማ ትወጣ ነበር። አሁን አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። እርጅና ብቻውን አይመጣም።

ከማዶ የወንድ ሳል ተሰማ።

አወቀችው።

«ቀጭኔ... ሚዳቋ... አጎቴ...»

ተመራማሪዋ ወጣት ከማሽኑ ቀና አለች። «እንዴ፣ አጎቴ እንስሳ ነው እማማ?»

እንዝርት አፏ አዳልጧት ነበር። «አጎቴ» የአለቃዋ የምስጢር ስም ነው። ጠጉሯ ጥቁር ሳለ ጀምሮ ያዘዛት፣ ባሏ ሲሞት ከአጠገቧ ያልተለየ ሰው። ትናንት «ነገ ማዕከሉ ድርሽ እንዳትዪ» ሲላት ለእሷ የሳሳ መስሏት ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

«አንዳንዱ ነው፣ ልጄ።»

ተመራማሪዋ ሳቀች። ስክሪኗን ስታይ ግን ሳቋን ተወችው። «በእርስዎ ዕድሜ አንጎል ወጣቱ በጥቂት ቦታ የሚሠራውን ብዙ ቦታ ቀስቅሶ ነው የሚሠራው፤ ነግሬዎታለሁ። ግን እኔ የሰጠሁዎት ሁለት ሥራ ነው። ይሄ የሦስት ሥራ ድካም ነው የሚመስለው። ሌላ የሚያስቡት ነገር አለ?»

«ልጆቼን።»

ልጅ የላትም።

«ከሥራ ሲወጣ እንይዘዋለን» አለ አጎቴ ከማዶ። «ሰዎቼ የቆሙት...»

አረንጓዴው ክብ በራ።

ተጫነች።

የትኛው በር እንዳለ አመለጣት።

የፊት በር አለ? የኋላ? ጆሮዋ ሰምቷል፤ አንጎሏ አልያዘም። አልቅሺ አልቅሺ አላት። ለአንዲት አረንጓዴ ክብ ብላ የሰው ነፍስ መጣሏ ነው። ለቴክኒሻኑ የተሳሳተውን በር ብትነግረው በገዛ እግሩ ሄዶ ይያዛል።

ስለዚህ በእግሩ መሄድ የለበትም።

አፏን አጣመመች። ከወንበሩ ወደቀች፤ ዳሌዋ ወለሉ ላይ ሲያርፍ የተሰማት ሕመም ማስመሰል አልነበረበትም።

«እማማ! ኧረ አምቡላንስ ጥሩልኝ! ቴክኒሻን፣ ና ቆቡን ፍታልኝ!»

ቴክኒሻኑ እየሮጠ መጣ። አጠገቧ ሲንበረከክ በጆሮው ተነፈሰች። «አጎቴ ሸጦሃል። እጄን አትልቀቅ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። እጇን ግን አልለቀቀም። በቃሬዛ ሲያወጧት ሽቦዎቹን እንደያዘ አብሯት አምቡላንሱ ውስጥ ገባ። ተመራማሪዋ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያደከምኳቸው!» ይህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ትወቅሳለች። እውነቱን የሚነግራት የለም።

የፊት በር ላይ ሁለት ጎረምሶች ቆመዋል።

አንዱ በአምቡላንሱ መስኮት ወደ ውስጥ አየ።

እንዝርት ምራቋን በአገጯ ለቀቀችው። ጎረምሳው ፊቱን አዞረና መንገድ ለቀቀ።

ሆስፒታል ደርሰው ነርሷ ዘወር ስትል በጎን በር ወጡ። «ዛሬውኑ ከከተማ ውጣ» አለችው። እሺ ብሎ ሄደና እንደገና ተመለሰ።

«እትዬ፣ ያ ሁሉ... አስመስለው ነው አይደል?»

«መውደቁን፣ አዎ።»

እጇን ጨብጦ ሄደ።

ሻሿን አጥብቃ አሰረችና አውቶቡስ ፌርማታ ሄደች። ቤቷን አጎቴ ያውቀዋል። ጡረታ የምትቀበልበትን ስሟንም፣ ጎረቤቶቿንም ያውቃል። እያነከሰች ስትሳፈር አንዲት ተማሪ ተነስታ አስቀመጠቻት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ትኬት ቆራጩ መጣ። «እማማ፣ የት ነው የሚወርዱት?»

የሐሰት አድራሻ በአፏ ሙሉ የምትይዝ ሴት ነበረች። አሁን አንድም አልመጣላትም።

«አውቶቡሱ እስከሚሄድበት ድረስ ይውሰደኝ፣ ልጄ» አለችው። «ደክሞኛል።»