የአባፎጊ እንቅልፍ

ዶቃ የሙዝ ዘንቢሏን ከደኅንነት አለቃዋ ከባዘዘው እግር ሥር አስቀመጠች።

የቴፒ ገበያ ሞልቷል። አለቃዋ ሙዝ የሚመርጥ መስሎ ጎንበስ አለ።

«ሽማግሌው ተናገረ?»

«መጀመሪያ ልጄ።»

«ነገርኩሽ እኮ፤ የሽማግሌው ልጅ ከድር በተያዘ ማግስት ወልደጻድቅሽ ከእስር ይወጣል። የት ነው የተደበቀው?»



«ሸዋ ቤንች። የአክስቱ የቡና መጋዘን ውስጥ።»

ባዘዘው አንድ ሙዝ ልጦ እየበላ ሄደ።

ባዘዘው አስርጎ ባስገባት ክሊኒክ ዶቃን የሚያውቋት እታገኝ በሚል ስም፣ በአስታማሚነት ነው። እዚያ ዶክተር ገብረወልድ የጉበት ሕሙማንንና የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ሽማግሌዎች እንቅልፍ ያጠናል። የከድር አባት አባፎጊ ቀን ያንቀላፋሉ፤ ሌሊት ይባንናሉ፤ የልጃቸው ስም እንኳ ይጠፋባቸዋል። ዶክተሩ ግን ነገሩ ከእርጅና ሳይሆን ከጉበታቸው ነው ብሎ ጠረጠረ። ሽሮፕ ጀመረላቸው። እንቅልፋቸው ከተስተካከለ አእምሯቸውም ይመለሳል አለ።

«ከቀትር በኋላ የተፈላ የቡና ቅጠል እንዳትሰጧቸው፤ እንቅልፍ ይነሳል።»

ባዘዘው የፈለገው ግን እንቅልፍ ማጣታቸውን ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሽማግሌ የልጁን መደበቂያ ሳይቀር ይቀባጥራል።

የሕሙማን ቤተሰቦች ሲመሽ የቡና ቅጠል በሚጥሚጣ ያፈላሉ። የመጀመሪያው ስኒ የሽማግሌ ነው፤ ማንም አይነፍጋቸውም። ዶቃ ያንን ስኒ ተቀብላ ታጠጣቸዋለች። ትደግማቸዋለች።

«ተባረኪ፣ ልጄ» ይሏታል።

ይህን ሲሏት ቀና ብላ አታያቸውም።

ከገበያ ስትመለስ ዶክተሩ ሽሮፑን ከአልጋቸው ራስጌ እያነሳ ነበር።

«አልሠራም፣ እታገኝ። ጭራሽ እንቅልፍ አጡ። እርጅና ነው፤ ተሳስቻለሁ። የቡና ቅጠል አልሰጣችኋቸውም አይደል?»

«ኧረ አልሰጠንም፣ ዶክተር።»

ወልደጻድቅ ይውጣ ብቻ።

በማግስቱ ባዘዘው ከክሊኒኩ አጥር ውጭ ጠራት።

«ያዝነው።»

«ልጄስ?»

«ሰሜን ግንባር ከተላከ ቆየ።»

«እኔን ወደዚህ ስትልከኝ ታውቅ ነበር?»

«ብነግርሽ ትሠሪ ነበር? በይ፣ ማጂ ሌላ ሥራ አለ። መኪናው ይጠብቅሻል።»

አላለቀሰችም። እግሯ ወደ ዶክተሩ ክፍል ወሰዳት። ባዘዘው ቢሰማ አይምራትም።

«ዶክተር፣ ሽሮፑን ይመልሱላቸው። የቡና ቅጠል ሳጠጣቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ትናንት አልሰጠንም ብለሽኝ! ማነሽ አንቺ?»

«ይመልሱላቸው ብቻ።»

ዶክተሩ ጠርሙሱን ይዞ ሮጠ። አባፎጊ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱ።

ይድኑ ይሆናል። ከዳኑ ደግሞ ከድር የት አለ ይላሉ።

ይህን ለመስማት አልቆየችም።

የማጂው መኪና ሾፌር ጨዋታ ወዳድ ነበር።

«ስምሽ ማነው፣ እናቴ?»

«ውድነሽ።»

«ልጅስ አለሽ?»

ፊቷን ወደ ደኑ አዞረች።

«የለኝም።»