የጉርማ ክንድ

በዘንቃር ምድር ንጉሥ አርማዝ ዘውድ በጫነ በሰባተኛው ቀን፣ ከተማይቱን ያጠጣ የነበረው የሰንበራ ምንጭ ድንገት ነጠፈ። የመቅደሱ አረጋዊም «ውኃችሁ በጉርማ ክንድ ተይዟል» ሲል ተነበየ። ጉርማ ከፈረስ የሚገዝፍ፣ በተራራው ሆድ ውስጥ የምንጩን መንገድ እየጠረገ የሚኖር የጃርቶች አባት ነው። ንጉሡ «ክንዱን ቆርጣችሁ አምጡ!» ብሎ አዘዘ።

የወጡት ሁለት ነበሩ፦ ጦረኛው ኦርጋና የሚቆረጥበትን ቦታ እንድታሳየው የተላከችው ወጌሻ እህቱ ዋሪት። ዘጠኝ ቀን ሰው በሌለበት የአመድ ሜዳ ተጓዙ። ከራሳቸው ድምፅ በቀር የሚሰሙት አልነበረም።

በዐሥረኛው ቀን ጉርማን ዋሻው ውስጥ ተዘርሮ አገኙት። ቀኝ ክንዱ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተወትፏል። ኦርጋ ሰይፉን መዘዘ።

«ቆይ ጋሼ!» ዋሪት በእሾሁ መካከል እጇን አሾልካ ትከሻውን ዳሰሰች። «ወልቋል። ወርደህ መዳፉን እይልኝ።»

ኦርጋ ከጉድጓዱ ድምፁን አሰማ። «ከክርኑ በታች እንደ እኛው ሁለት አጥንት ጎን ለጎን አለው፤ አልተሰበረም። አራት ጣት ነው፤ አውራ ጣቱ ጉብታ ብቻ ሆና ቀርታለች። ጥፍሮቹ አለት ነክሰዋል፤ ከአለቱ ጀርባ ውኃ ያጉረመርማል።»

ዋሪት ነገሩ ገባት። ጉርማ ሲቆፍር ክንዱ ስለወለቀ ነበር ምንጩ የተደፈነው።

«ከቆረጥነው ውኃው ለዘላለም ቀረ። እኔ ከላይ ስገፋ አንድ ሰው ከታች ይጎትት» አለች። «ግን ክንዱ ሲገባለት አለቱን ይንደዋል። የጎተተው አይወጣም። አንተ ውጣ፤ እኔ ልውረድ።»

«የአጥንቱን ቦታ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለ ኦርጋ። «በዘንቃር አፈር እምላለሁ፣ እስኪገባ አልለቅም። በይ ግፊ!»

እያለቀሰች ገፋች። አጥንቱ ጓ ብሎ ገባ። ጉርማ አገሳ፤ አለቱ ተናደ፤ ውኃው ጉድጓዱን ሞልቶ ፈነዳ። የወንድሟን ስም ደጋግማ ጠራች፤ የመለሰላት ዋሻው ብቻ ነበር።

ከዋሻው በፈሰሰው ወንዝ ዳር ለዳር ሁለት ቀን ፈለገችው። አላገኘችውም። ያንን ሜዳ ብቻዋን ተሻገረችው።

ውኃው ቀድሟት ስለደረሰ በከተማይቱ ነጋሪት ይጎሰም ነበር። በበሩ የቆመው መልእክተኛ እጅ ነሣ። «እመቤቴ፣ ንጉሡ ሊሸልሙዎ ይጠብቁዎታል።»

«ይጠብቁ» ብላ ወደ ቤቷ አመራች።

እናቷ እንስራ እየሞላች ነበር። ቀና ብላ ልጇን አየቻት፤ ከዚያም ከኋላዋ ያለውን መንገድ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እማዬ።»

ከተማው ሲዘፍን ሁለቱ ገብተው በራቸውን ዘጉ።