በአንድ ቱቦ ላይ ሰባት እጅ

በባሪሳል ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በአሥራ አንደኛው አልጋ ራስጌ የተንጠለጠለው ወረቀት «በሽተኛው ትናንት ስድስት ጊዜ፣ ራሱ ከፍ ብሎ፣ በአፍንጫው ቱቦ ተመግቧል፤ ችግር አልታየም» ይላል። የበሽተኛው ሚስት ናዝሙን የምታውቀው ግን ሌላ ነው። ባሏ ቶፋጃል ትናንት የተመገበው ዘጠኝ ጊዜ ነው፤ ያውም በጀርባው እንደተንጋለለ፣ በሰባት ሰዎች እጅ። ከሰባቱ አንድም የሆስፒታሉ ሠራተኛ አልነበረም።

ወረቀቱን የሞላችው ሲስተር ሼፋሊ ክፉ ሰው አይደለችም። አርባ ሁለት በሽተኛ ለብቻዋ ይዛ በየአልጋው ስታልፍ «በላ?» ትላለች፤ አስታማሚው «በላ» ይላታል፤ ትጽፋለች። በሽተኛ ማብላት የዘመድ ሥራ ነው፤ ማንም ተዉ ብሎ አያውቅም።

ጀልባ ሠሪው ቶፋጃል ግማሽ አካሉ ከድቶት፣ መዋጥ ተስኖት ከተኛ አሥር ቀኑ ነው። ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ ከእጁ አንድ ነገር ሳያቀምሰው መሄድ አይሆንለትም። ቀድሞ በማንኪያ ነበር፤ አሁን በሲሪንጅ ሆነ። አንዷ የምስር ውሃ ትገፋለች፣ ሌላው ወተት። ታላቅ ወንድሙ ሀጂ ኢስራፊል ደግሞ የኮኮናት ውሃ።

ትናንት ናዝሙን በለሆሳስ «ጋሼ፣ አሁን ነው የበላው፤ ትንሽ ቢቆይስ?» ብላ ነበር።

«አንቺ ደግሞ ለወንድሜ ጉሮሮ ዘበኛ ሆንሽ? አባቴ ከእጄ ውሃ ሳይቀምስ ነው የሞተው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል» አላትና ሲሪንጁን በአውራ ጣቱ በአንድ ትንፋሽ ገፋው።

ቶፋጃል አሳለ፤ ፊቱ ጠቆረ። ናዝሙን የባሏን ታላቅ ወንድም እጅ መያዝ አልቻለችም። የሻሿን ጫፍ ነክሳ ቆመች።

ዛሬ ጠዋት ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ደረቱ ይንተከተካል። ሐኪሙ አዳመጠው። «ምግብ ሳንባው ገብቷል። እኔ እስክፈቅድ በቱቦው ምንም እንዳይገባ።»

«ይድናል?»

«እንጃ እናቴ። እንሞክራለን» ብሎ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈ።

ሼፋሊ ቀረች። ጡብ አምጥታ ከናዝሙን ጋር የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረጉት።

«ሰው ተንጋሎ ሲመገብ ምግቡ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ይገባል» አለች። «ቱቦው ሆዱ ውስጥ መሆኑ ሳይረጋገጥ ጠብታም አይሰጠውም። ምግቡ አይገፋም፤ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ቱቦው በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ እሱም አንድ ሰዓት ያህል ቀና እንዳለ ይቆያል።»

«ይህን ቱቦው የገባ ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ሼፋሊ ራስጌው ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት አየች። «ልክ ነሽ» አለች። «ሳላይ ነው የጻፍኩት። አንቺም በላ ስትዪኝ ማን እንዳበላው አልጠየቅኩሽም።»

 ናዝሙንንም ማስታመም እንጂ መከልከል ያስተማራት አልነበረም። እንግዲህ ከሁለቱ ማንኛዋን እንውቀስ? ፍቅር በሞላበት ክፍል አንድ ሰው ተሟግቶ «ቆዩ» የሚል ስለጠፋ፣ አንድ ሰው ትንፋሽ እያጠረው ተኝቷል።

በጥየቃ ሰዓት ሀጂ ኢስራፊል አራት ዘመድ አስከትሎ፣ ኮኮናት ታቅፎ ገባ። ነገሩን ቢነግሩትም አልተዋጠለትም።

«በረሃብ ልትገሉት ነው? አንዲት ጉንጭ ምን ታመጣለች?»

«ሀጂ፣ ለኔ ይስጡኝ፤ እኔ መዋጥ አልተሳነኝም» አለ ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው እግረ ሰባራ። የሳቀ የለም።

ሀጂ ሲሪንጁን አነሳ። ናዝሙን በእሱና በአልጋው መካከል ገባች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳሯ ፊቱን ቀና ብላ አይታው አታውቅም።

«ጋሼ፣ ከዳነ ከእጅዎ ይጠጣል። ካልዳነ ደግሞ ‹ከወንድሙ እጅ ሳይቀምስ ሄደ› የሚለውን ሐሜት እኔ እሸከመዋለሁ። ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ፤ ከእንግዲህ ይህን ቱቦ ከሲስተርና ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም።»