ጎባጣዋን በውሃ የፈተሽን ቀን

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ነው፤ እኔ ግን ካየሁት ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

አስፈሪ ታሪክ ሲባል ሰው ሁሉ ጨለማ ይጠብቃል። ይህኛው የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በአባቴ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነው።

አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁትም ያኔ ነው...

ሰው ፊት ቆሜ ማውራት አይሆንልኝም። ለዚህ ነው የጻፍኩላችሁ።

አባቴ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ የሚያቃና ሰው ነበር። በሙያችን ባቲላሜራ ይባላል። እኔም ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ከእሱ ጎን መዶሻ ይዤ አደግኩ። ከእኛ ሌላ ግቢው ውስጥ አንድ ቀለም ቀቢ አለ። እጁ ቢያርፍ አፉ ሥራ የማይፈታ ሰው ነው።

አንድ ጠዋት ፋርማሲስቱ መጣ። ሰፈራችን ውስጥ መድኃኒት ቤት ያለው ነው። በጭነት መኪና አንዲት አሮጌ መኪና አስጭኗል።

ጎባጣ ነበረች።

የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከኋላ ጀርባዋ ያበጠ፣ መብራቷ እንደ ዓይን ክብ የሆነ፣ ትንሽ መኪና። ፋብሪካው እሷን መሥራት ካቆመ ስንት ዘመኑ ነው። ወዳጆቿ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በየጊዜው ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ያለው ያጥባል፤ የሌለው የሌላውን ይዳብሳል። ከዚያ ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት። "ምነው ፋብሪካው እንደገና ቢሠራት!"

"ዶሮ ቤት ሆና ነው ያገኘኋት፣ ጋሼ" አለው ፋርማሲስቱ ለአባቴ። "ዶሮዎቹን አስወጥቼ ገዛኋት።"

"ዶሮዎቹ አልከሰሱህም?" አለ ቀለም ቀቢው። "አሁን ይቺ ምን አስነክታችሁ ነው? አዲስ መኪና እንደ አሸዋ ሞልቶ የለም እንዴ?"

"አንተ የምትወደው ነገር ቀርቶብህ አያውቅም?"

"ፀጉሬ" አለ ቀለም ቀቢው፣ ራሰ በራውን እየዳበሰ።

ሳቅን። አባቴ ብቻ አልሳቀም። መዳፉን ጎኗ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ባቲላሜራ ቆርቆሮን በዓይኑ አያምንም፤ በመዳፉ ነው የሚያየው።

"እንዴት ሆና ትሠራልህ?" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ልክ ከፋብሪካ እንደወጣች። ምንም እንዳይቀየርባት፣ ጉድለቷ ሳይቀር።"

ጉድለቷ ያለው የኋላ በሯን ነው። የጎባጣ የኋላ በር ከውስጥ እሺ አይልም። መያዣውን ብትስቡት ብትስቡት ዝም ነው። የኋላ መስኮቷም አይወርድም። ከውጭ ሰው ካልከፈተላችሁ አትወጡም። ወዳጆቿ ይህንንም ይወዱላታል። "ጎባጣ እንግዳዋን ቶሎ አትሸኝም" እያሉ ይሳሳቃሉ።

ፋርማሲስቱ እንደሄደ አባቴ ከሥሯ ገባ።

ብዙ ቆየ...

"አባዬ?"

እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ።

"አባዬ፣ ምን አገኘህ?"

"ና እስቲ" አለኝ በሹክሹክታ።

በጀርባዬ ተንፏቅቄ ገባሁ። ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ አሮጌ ብየዳ አለ። አባቴ ግራኝ ነው። ሲበይድ መስመሩ ሁልጊዜ ወደ እጁ ያዘነብላል። ያም ብየዳ እንደዚያው ያዘነብላል።

"የኔ እጅ ነው" አለ። "ይቺ የኛ ናት።"

ስለዚያች መኪና ቤታችን ውስጥ ወሬ ተነስቶ አያውቅም ነበር። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሕፃን ሳለሁ ጎባጣ ነበረችን። አንድ ቀን ወንዝ ስንሻገር ደራሽ ውሃ መጣ። አባቴ መሪው ላይ ነበር፤ እናቴ እኔን አቅፋ ከኋላ። ውሃው ሲገባ እናቴ እኔን በፊት መቀመጫዎቹ መሐል አሳልፋ ለአባቴ ሰጠችው። ክፍተቱ ልጅ እንጂ ትልቅ ሰው አያሳልፍም።

"እሱን አድርስና ና" አለችው። "በሩን ትከፍትልኛለህ።"

አባቴ በፊት መስኮት ይዞኝ ወጣ። ዳር አስቀመጠኝ። ዞር ሲል መኪናዋ በቦታዋ አልነበረችም።

ከቀናት በኋላ መኪናዋ ደለል ውስጥ ተገኘች።

እናቴ አልተገኘችም።

አባቴ መኪናዋን በዓይኑ ሳያያት ለቆራሌው ሸጣት። እኔ የእናቴን መልክ አላስታውሰውም። እሱ ደግሞ ስሟን አያነሳም። እንደዚያ ሆነን ነው የኖርነው፤ እኔም እሱም።

"አባዬ፣ እንመልስለት" አልኩት። "ሌላ ሰው ይሥራት።"

"በሷ ላይ የሌላ ሰው መዶሻ?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ከእጄ እያመለጠ እንደሆነ ይሰማኝ ጀመር። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ምሳ አቀርብለታለሁ፤ ይረሳዋል። ሳናግረው ጆሮው ወደ መኪናዋ ነው።

የከበደኝ ግን ይህ አይደለም። የከበደኝ ደስ ብሎት ማየቴ ነው። ፂሙን ተላጨ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሥራ ይገባ ጀመር።

"ጋሼ ሊያገቡ ነው መሰለኝ" አለ ቀለም ቀቢው።

አባቴ ፈገግ አለ።

አንድ እሑድ ፋርማሲስቱ ወዳጆቹን ይዞ መጣ። ከበቧት። አንዱ "እኔ የድሮዋ ባለ አፍንጫዋ አውቶብስ ትመለስልኝ" ይላል፤ ሌላው "ያቺ ባለ ሦስት እግሯስ?" ይላል። ከመሐላቸው አንድ ወፍራም ሹፌር የኋላ መቀመጫው ላይ ገብቶ ተቀመጠ።

"ዝጉብኝ" አለ እየሳቀ። "ጎባጣ ታግተኝ።"

ዘጉበት። እየሳቁ ትንሽ አቆዩት። ሲከፍቱለት እሱ አይስቅም ነበር።

"ከጎኔ ማን ተቀመጠ?" አለ።

"አንተን የቻለ መቀመጫ ለሌላ ሰው ቦታ አለው?"

"የምሬን ነው። መቀመጫው በዚያ በኩል ሰመጠ።"

አሾፉበት። እሱ ግን ሻይ እንጠጣ ሲሉት እንኳ አልቆየም።

በማግሥቱ በሩ ላይ አንድ ነገር ጀመረ...

የኋላ ቀኝ በሯን ያቃናሁት እኔ ነኝ። እንደ መስታወት አድርጌው ነበር። ጠዋት መዳፌን ሳሳርፍበት እብጠት ተሰማኝ።

ጉድጓድ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ቆርቆሮ ከውጭ ሲመታ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ይህ ግን ወደ ውጭ ነው ያበጠው።

ከውስጥ የተገፋ ነው።

"አንተ ነህ?" አልኩት ቀለም ቀቢውን።

"እኔ ኑሮን መግፋት አቅቶኛል፤ በር ልገፋልህ ነው?"

አቃናሁት። ሲነጋ ተመልሶ አበጠ። ደግሞ አቃናሁት። ደግሞ አበጠ። ቦታው ይለያያል፤ መጠኑ ግን አንድ ነው።

የሴት መዳፍ ያህል...

እንደገና መዶሻዬን ሳነሳ አባቴ እጄን ያዘኝ።

"በመዶሻ አይደለም።"

የራሱን መዳፍ እብጠቱ ላይ ገጠመው። አልተጫነውም። የሰው እጅ እንደሚያዝ፣ ዝም ብሎ ያዘው።

"አባዬ፣ እባክህ። የውስጡን መያዣ እንቀይረው። ከውስጥ ይከፈት።"

"አይሆንም።"

"ፋርማሲስቱ አያውቅም እኮ።"

"ለሱ ብዬ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "እንደነበረች ካልሆነች በምን ታውቃታለች?"

ማን እንደምታውቃት አልጠየቅኩትም። ፈራሁ።

መኪናዋ ተቀባች። አዲስ ላስቲክ በየበሩና በየመስታወቱ ገባላት። የቀረው የውሃ ፍተሻ ብቻ ነበር።

የውሃ ፍተሻ እንዲህ ነው። አንዱ ሰው ውስጥ ይገባል፤ በሮቹ ይዘጋሉ። ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ውሃ ይረጫል። የውሃው ድምፅ መነጋገር ስለማያስችል፣ የሚያፈስ ቦታ ካለ ውስጥ ያለው ሰው በዚያ በኩል ያንኳኳል። ካላንኳኳ ደረቅ ነው ማለት ነው።

ሁልጊዜ ውስጥ የምገባው እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን አባቴ "ዛሬ እኔ ነኝ" አለ።

ቀለም ቀቢው ምሳ ሄዷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባቴ መሪው ጋ ተቀመጠ። በሩን ዘጋሁና ቧንቧውን ከፈትኩ።

ከፊት መስታወቱ ጀመርኩ። ዝም። ጣሪያው ላይ ረጨሁ። ዝም። የፊት በሮቹ ላይ። ዝም።

ወደ ኋላ በር ዞርኩ።

ኳ... ኳ።

ከታች ነው። ከእግር አካባቢ።

ያፈስሳል ማለት ነው ብዬ ቱቦውን ዝቅ አደረግኩ።

ኳ... ኳ።

አሁን ከመቀመጫው አካባቢ ነው።

ውሃ የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው። ማንኳኳቱ ግን ከታች ወደ ላይ እየወጣ ነበር...

አንገቴን አስግጌ ወደ ፊት ወንበር አየሁ። አባቴ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አልተንቀሳቀሰም።

ኳ ኳ ኳ።

መስታወቱ ሥር ደረሰ።

ቧንቧውን ዘጋሁት። ግቢው ጸጥ አለ። ከመኪናዋ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል።

ኳ ኳ ኳ ኳ።

ጣሪያው ላይ። ከውስጥ።

የኋላ መስታወቱ በአንድ ቦታ ብቻ ጉም ለበሰ። ሰው አፉን አስጠግቶ እንደሚተነፍስበት ያለ ነው። ይመጣል፤ ይጠፋል። ይመጣል፤ ይጠፋል። እየፈጠነ...

አባቴ በሩን በርግዶ ወጣ። በዚያ ዕድሜው ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር።

"መጣሁ" ይላል። "መጣሁ፣ መጣሁልሽ..."

"አባዬ፣ አትክፈተው።"

ሰማኝ። እጁ መያዣው ላይ እንዳለ ዞር ብሎ አየኝ። አንድ አፍታ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

"አንተን አድርሻለሁ" አለኝ። "አድገሃል እኮ።"

ከፈተው።

ውሃ የሚገነፍል መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። መቀመጫው ባዶ ነው። ደረቅ ነው።

አባቴ ግን ጎንበስ ብሎ ግራ እጁን ዘረጋ።

"ቀስ" አለ። "ቀስ በይ... እንደዚያ።"

የመኪናዋ ኋላ ከፍ አለ።

በዚህ አልሳሳትም፤ ሥራዬ ነው። ሰው ከመኪና ሲወርድ ሞላው ይለቀቅና መኪናዋ የጣት ያህል ከፍ ትላለች። እንደዚያ ነው ከፍ ያለችው።

አባቴ በአጠገቤ አለፈ። ግራ ክንዱ ሰው እንደያዘ ታጥፏል። እርምጃውን ለሌላ ሰው ብሎ አሳጥሯል። የወንዝ ጭቃ ሸተተኝ። ፊቱን ባየሁት ጊዜ እንግዳ ሆነብኝ። ሳላውቀው የኖርኩት፣ እኔ ሳልወለድ በፊት የነበረው ፊቱ ይመስለኛል።

"አባዬ፣ እኔስ?" ልለው ፈለግኩ።

በግቢው በር ወጣ።

ባዶው መቀመጫ ላይ አፍጥጬ ቆይቼ፣ ዞሬ ተከትዬው ሮጥኩ። መንገዳችን ቀጥ ያለ ነው። በሁለቱም በኩል የመጋዘን አጥር ነው፤ መታጠፊያ የለውም። ቆማችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታያላችሁ።

ማንም የለም።

ከበራችን ፊት ለፊት ካልሲና ፎጣ ዘርግታ የምትሸጥ ሴትዮ አለች። ሰፈሩን ከለመደች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው፤ የቤታችንን ጉዳይ የነገራት የለም።

"አባቴን አይተሽዋል?" አልኳት።

"አሁን ወጡ እኮ" አለችኝ። ከዚያ በቁጣ አየችኝ። "ሰው እንግዳውን እንደዚያ አርሶ ይሸኛል? ፀጉሯ ይንጠባጠባል። ፎጣ ልስጣት ስል እንኳ አልሰማችኝም።"

"ማን... ማን ናት?"

"እኔ ምን አውቄ። በሩ ላይ ቆማ አንተን ስታይ ነበር። ከኋላህ ሆና፣ ረጅም ጊዜ። 'እሱ ነው?' አለችው አባትህን።"

"ምን አላት?"

"'እሱ ነው' አላት። እሷም ሳቅ አለች።"

"ወዴት ሄዱ?"

ሴትዮዋ ልታሳየኝ እጇን አነሳች። ባዶውን መንገድ ወደ ላይ አየችው። ወደ ታች አየችው። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ወደ በራችን ተመለስኩ። ቆማበት ነበር ያለችኝ ቦታ አቧራው አልረጠበም። የእግር ዱካ የለበትም።

መሐሉ ላይ ግን አንድ የጣት ያህል ዓሣ ነበር።

በመዳፌ አነሳሁት...

ይተነፍስ ነበር።