ከጭጋጉ ውስጥ የመጣው ምርቃት

ይህ ነገር ሆኗል። ተፈጽሟል። እኔ ሲያወራ የሚጨማምር ሰው መሆኔን የምታውቁ ዛሬ ብቻ እመኑኝ፤ አንዲት ቃል ከጨመርኩ ምላሴን ቁረጡት።

ቅዳሜ ነበር። ፌብሩዋሪ ሊያልቅ ሲል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ... ኦክላሆማ፣ ዊቺታ ተራሮች ግርጌ።

ዳላስ የኖረ ሰው ተራራ አያውቅም። እዚህ አገር ከፍታ ማለት የሃይዌይ ድልድይ ነው።

ሲላስ ግን ያውቃል! ሲላስ የማያውቀው ምን አለና? የጸሎት ቡድን መሪ ነው፣ የሮሆቦት እጮኛ ነው፣ ያለ ማይክም እንደ ማይክ የሚጮህ ሰው ነው። «ተራራ ወጥተን እንጸልያለን» አለ። አለቀ።

የሚነዳው ግዛቸው ነው። የሮሆቦት ወንድም፣ የኔ ሩምሜት፤ ካሮልተን አንድ አፓርታማ እንጋራለን። ጸሎት አይወድም፣ ቫን ግን አለው። አራተኛዋ እናታቸው እትዬ የትምወርቅ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ግን እሳቸውን ትቶ መሄድን ማን ደፍሮ!

ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ግዛቸው ነው። በስልክ። የዚያኑ ዕለት።

ቫኗ ውስጥ ሮሆቦት በስልኳ የአየር ጠባዩን አየች።

«ከላይ ነፋሱ በሰዓት አርባ ማይል ነው ይላል... ጭጋግ... ፍሪዚንግ ሬይን፣ በረዶ የሚሆን ዝናብ። እንመለስ ይሆን?»

ሲላስ እጁን አነሳ። «ይህን ክፉ ወሬ አልቀበልም!»

«የኔ ወንድም፣ ዌዘር አፕ ነው እኮ» አለ ግዛቸው። «ጋኔን አይደለም።»

«አልቀበልም አልኩ!»

«አሜን» አሉ እትዬ የትምወርቅ።

በቃ። ዌዘሩ ተገሠጸ ማለት ነው። በስኒከርና በስስ ጃኬት ወጡ።

መንገድ ላይ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ሲወርዱ አገኟቸው። ምርኩዝ ይዘዋል፣ ጫማቸው ላይ ጥርስ ያለው ብረት አስረዋል። «ድንጋዩ መስታወት ሆኗል፣ ተመለሱ» አሏቸው።

ሲላስ ፈገግ ብሎ «ጎድ ብለስ ዩ» አላቸውና አለፈ። ጅል!

ከዚያ ጭጋጉ መጣ...

ከላይ አልወረደም። ከታች ነው የወጣው። መኪኖቹን ዋጠ፣ ዛፎቹን ዋጠ፣ ቀጥሎ እነሱን። ካፊያው ጃኬታቸው ላይ እንዳረፈ በረዶ ይሆናል። ክንዳቸውን ባጠፉ ቁጥር እጅጌያቸው ቀጭ... ቀጭ... ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራል። ግዛቸው ግን ቀልድ አማረው።

ወደ ኋላ ቀረት አለና አንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ተሸጎጠ። ድምፁን እንደ ሽማግሌ አጎርንኖ፦

«መንገዳችሁን ያቅናላችሁ!»

«አሜን!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

ማነው ብለው እንኳ አልጠየቁም! የኛ ሰው እንዲህ ነው። የምርቃት ድምፅ ከሰማ አፉ ቀድሞ ይከፈታል፣ ጆሮው በኋላ ይደርሳል።

ግዛቸው ሳቁን በመዳፉ አፈነ።

«ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ!»

«አሜን!» የእናቱ ድምፅ ከሁሉም በለጠ።

ለሦስተኛው አፉን ከፈተ...

«ብርዱን ያርቅላችሁ!»

«አሜን!»

እሱ ገና አልተናገረም።

ድምፁ የመጣው ከላይ ነው፣ ከሦስቱ ፊት። ያው የሱ ሽማግሌ... ያው ጎርናና ድምፅ...

እየተንሸራተተ ሮጦ ደረሰባቸው።

«ሲላስ፣ አንተ ነህ?»

«ምኑ?»

«መራቂው።»

«አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ዝም በሉ!» አሉ እናትየው። «የሚመርቅ ሰው ማነህ አይባልም።»

ብርዱ ጠፍቶ ነበር። ነፋሱ ሲያፏጭ ይሰማል። ጭጋጉ ሲከንፍ ይታያል። የሮሆቦት ሻርፕ ግን አይንቀሳቀስም።

«ወደ ግራ ይምራችሁ!»

«አሜን!»

ታጠፉ። መንገዱ ወደ ቀኝ ነበር።

«እማዬ» ሲል አንሾካሾከ ግዛቸው። «ከእንግዲህ አሜን አትበይ።»

«ምነው?»

«አትበይ ብቻ። ሮሂ፣ አንቺም።»

«ሳላስበው እኮ ነው የሚወጣኝ...»

«አፍሽን ያዥ!»

ድምፁ ቀረበ። በጣም ቀረበ። ጆሮ ሥር...

«ከአንዳችሁ በቀር ሁላችሁንም በሰላም ቤታችሁ ያግባችሁ!»

«አሜን!»

አራቱም። ግዛቸውም ጭምር።



«ምን... ምን ነው ያለው?» አለች ሮሆቦት።



«አልቀበልም» አለ ሲላስ። ያ ሁሉ ድምፁ ክር አክሎ።

«ተቀብለህ ጨረስክ እኮ፣ አንተ ደደብ!»

ግዛቸው ባንድ እጁ እናቱን፣ በሌላው እህቱን ጨመደዳቸው። ሲላስን የያዘው የለም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አንዱ ሲላስ ቢሆን ግዛቸው ብዙም አይከፋውም ነበር።

ጥቂት እንደሄዱ ጭጋጉ ተገለጠ።

ፓርኪንጉ ላይ ቆመዋል። ቫኗ አጠገብ።

ሽቅብ እየወጡ ነበር እኮ! አንዲት እርምጃ ቁልቁል አልወረዱም!

ወደ ዳላስ መንገድ ገቡ። ከባድ መኪና ባለፋቸው ቁጥር ግዛቸው መሪውን ጭምቅ ያደርጋል። ማናቸው ይሆን? እናቱ? እህቱ? ፍጥነት የሚወድ ሰው እንደ አሮጊት ነዳ።

አርሊንግተን ሲደርሱ ሲላስ ወረደ። በሩን ከፍቶ ገባ፣ መብራቱን አበራ። ቻው እንኳ አላለም። ሰላም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይነካዋል?

ከዚያ ፋርመርስ ብራንች፣ እናትና ልጅ የሚኖሩበት ቤት። ግዛቸው ደጃፍ ላይ አልተዋቸውም፤ ሶፋው ላይ አስቀመጣቸው። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ያዳልጥ እንደሆነ ሳይቀር በእግሩ ሞከረ።

ሊወጣ ሲል ሮሆቦት እጁን ያዘችው።

«እዚሁ እደር።»

«ባክሽ ልቀቂኝ፣ እዚህ ካሮልተን እኮ ነው የምሄደው!»

ያኔ ነው ለኔ ኮል ያደረገው። እየነዳ ሁሉንም ነገረኝ። እየሳቀ። ሲላስን እየሰደበ፣ ራሱን እየሰደበ፣ ሽማግሌውን እየሰደበ።

«ሶ ሁሉም ገቡ! ሰማህ? ሁሉም! ቀጣፊ ሽማግሌ!»

እኔም ሳቅሁ። አፌ አያርፍም፦

«አንተስ ገባህ?»

ሳቁ ቆመ።



«ግዛቸው?»

«እዚህ ጭጋግ አለ» አለኝ።

በመስኮት አየሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጎረቤታችን በቲሸርት መኪናውን ያጥባል።

«የት ነህ?»

«ኮምፕሌክሳችን በር ላይ መሰለኝ... ምንም አይታየኝም።»

ቫኗ ገባች። አየኋት። ጣሪያዋ ላይ ክንድ የሚያህል በረዶ ተቆልሏል። አይቀልጥም። ጠብ አይልም።

ጎረቤታችን ውሃውን ዘጋና አፉን ከፍቶ ቆመ።

ግዛቸው ፓርክ አደረገ። ወረደ። እጆቹን እንደ ዓይነ ስውር ወደ ፊት ዘርግቶ ደረጃውን ፈለገ።

«እዚህ ነኝ! ቀና በል!» ብዬ በመስኮት ጮህኩ።

ቀና አላለም።

«ደረጃውን አገኘሁት» አለኝ በስልኩ፣ በሹክሹክታ። «በር ክፈትልኝ።»

ከፈትኩ።

ደረጃችን የብረት ነው፣ ሰው ሲወጣበት ይጮኻል። ኳ... ኳ... ኳ... መጣ። ትንፋሹን ሰማሁት። እጅጌው ቀጭ ሲል ሰማሁት።

ፊቴ ላይ በረዶ የመሰለ አየር አለፈ።

ደጃፉ ላይ ማንም የለም።

«ደረስኩ?» አለኝ በስልኩ።

«ኧረ አለፍከኝ! ተመለስ! ግዛቸው፣ ተመለስ!»

ከስልኩ ነፋስ ብቻ።

እኛ የምንኖረው መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው በራችን ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ባዶ ሰማይ ነው።

አንገቴን ቀና አድርጌ ቆምኩ።

ኳ... ኳ... ኳ...

ከራሴ በላይ፣ ጥርት ባለው ሰማይ ውስጥ፣ የእግሩ ኮቴ ይወጣል።